ደረቅ ወደብ

ከሐረጎ ቁልቁል፣ በከባድ ማርሽ ታስሬ፣
ጭጋግ እየቀዘፍኩ፣ ፍሬን አሳርሬ፣
ኮምቦልቻ ስደርስ፣ ሌሊት ስድስት ሰዓት፣
ከመኪኖች ማደሪያ፣ ከጭቃው ግቢ ፊት፣
አንድ የእጅ ባትሪ ሁለቴ ብልጭ ሲል፣
ድምፅ ይከተላል፦ «ግራህ ድንጋይ አለ፤ ወደ ቀኝ ጠምዘዝ በል!»

ሙሄ ነው ዘበኛው።
«አቁም» አይልም እሱ፤ «መልሕቅህን ጣለው!»
ጎማዬ ሥር ድንጋይ ጎንበስ ብሎ አስገብቶ፣
ከጎረቤት ተሳቢ ርቀቴን ለክቶ፣
«ነፋስ ቢዞር» ይላል፣ «መዞሪያ ይኑርህ፣
ሌሊት ከጎረቤት እንዳይጋጭ ጎንህ።»
«ሙሄ፣ ይኼ እኮ ሲኖ ትራክ ነው፤ አርባ ቶን ብረት፤
በነፋስ የሚዞር መቼ አየህ በሕይወት?»
«ሁሉም ይዞራል» አለኝ፣ ደረሰኝ እየቆረጠ።

ማዶ፣ «ደረቅ ወደብ» የሚል ሰሌዳ ተሰቅሏል፤
ባለፈ ቁጥር ያነበዋል።
«ደረቅ ዓሣም ይበላል» ይላል፣ «ግን ያስጠማል።»

የቃሉ ልጅ ነው፤ ከሐይቅ በቀር ውኃ ያላየ፣
ባሕር ኃይል የወሰደው ገና ጢሙ ሳይለይ።
ከምጽዋ እስከ አሰብ፣ በአንዲት ቀጭን ጀልባ፣
ዱቄትና ጋዝ ጭኖ ለጠረፍ ጠባቂ፣ ዳር ዳሩን ሲገባ፣
ፀሐይ ሳትጠልቅ ማደሪያ ፍለጋ፣ ከደሴት ጀርባ።
ቲዮ፣ ኢድ፣ በይሉል፤
እንደ አክስቶቹ ስም፣ አንድም ሳያጎድል።

«አሸዋ መልካም ነው፤ መልሕቁን ይነክሳል፣
የዛጎል ድንጋይ ግን ገመድ ይበጥሳል።
ውኃው ሲያረነጉድ ግባ፤ ቡናማ ሲሆን ተው፤
ፀሐይ ፊትህ ካለች፣ ዓይንህ የሚያየው የራሱን ብርሃን ነው።
ጥለህም ወዲያው አትተኛ። ሁለት ምልክት ያዝ ከመሬት፤
አንድ ቋጥኝ፣ አንድ ዛፍ፣ የተደራረቡ።
ከተለያዩ፣ አንተ ነህ የምትሄደው፤ በስውር፣ በሌሊት።»
ይኼን ሁሉ ሰምቼ ሳቅ ብዬ እተኛለሁ፤
ነገ ባቲ፣ ሚሌ፣ ጋላፊ፤ የማስበው ይኼን ነው።

ነሐሴ ነበር። ሰማዩ ጦሳ ላይ ፍሳሹን ገለበጠ፤
እኛ ጋ ኮከብ ነው፤ ሾፌር በየካቢኔው እንቅልፉን ለጠጠ።
ቦርከና ድምፁ ሲወፍር የሰማው ሙሄ ብቻ።
በዱላው በር በር እየመታ፣
«ተነሱ! ገመድ ፍቱ! ወደ ላይ፣ ወደ ፋብሪካው ዳርቻ!»
አንዱ ሰደበው፤ አንዱ «ዕብድ ሽማግሌ» ብሎ መስኮቱን ዘጋ፤
እኔ ግን፣ ለምን እንደሆነ እንጃ፣ ሞተር አሙቄ ወጣሁ፤
የኋላ መብራቴን ይዘው አሥር መኪኖች ተከተሉኝ፣ ሳይነጋ።

ሲነጋ ግቢው ሐይቅ ነበር። የቀሩት ሦስቱ
እስከ በራቸው እጀታ። የአንዱ ጭነት ስኳር ነው፤
ተሳዳቢው ጣራው ላይ ቁጭ ብሏል፣ በሙታንቱ።
ሙሄ ከጉልበቱ በላይ ገብቶ፣ ዱላውን ወደ ፊት ሰድዶ፣
«ሁለት ክንድ ተኩል፤ ታቹ ጭቃ። ጥሩ ማደሪያ አይደለም» አለ፤
ፊቱ በርቶ፣ ሃያ ዓመት ከላዩ ወርዶ።

ከዚያ ወዲህ ነው ደብተሩን ያሳየኝ፣ በላስቲክ የጠቀለለው።
ግራ ገጹ የቀይ ባሕር ዳርቻ፣ በእርሳስ፤ ጥልቀቱ በቁጥር፣ እየደበዘዘ ነው።
ቀኝ ገጹ የእኛ ግቢ፦ ጉድጓዱ፣ ያዘነበለው ምሰሶ፣ ውኃ የሚተኛበት፣
«ተሳቢ እዚህ አይደር» የሚል ቀስት።
መሃል፣ ስፌቱ ላይ፣ ምንም የለበት።

ባለፈው ከጂቡቲ ስመለስ፣ «ባሕሩ ዳር አደርክ?» ብሎ ጠየቀኝ።
«አዎ፤ ሦስት ሌሊት፣ ከወደቡ አጥር ውጭ፣ ወረፋ ስጠብቅ። ሙቀቱ ገደለኝ።»
«ነፋሱስ? በየት በኩል ነበር?»
ዝም አልኩ። ሃያ አንድ ዓመት በየመንገዱ ዳር ሳድር፣
አንድም ቀን አልጠየቅሁም።
አልተቆጣኝም።
ጣቱን ምራቅ አስነክቶ ወደ ጨለማው አነሣና፣
«ዛሬ ከባቲ ነው፤ ተኛ» ብሎኝ ሄደ፤ ከሐረጎ ሌላ መብራት ይወርዳልና።

እኔም ብቻዬን ጣቴን ልሼ በመስኮት አወጣሁት፤
በአንድ ጎኑ ቀዘቀዘ።
የቱ እንደሆነ ገና አላወቅሁት።